አቮካዶ፣ ሎሚና የሠናይት እጆች

እጄን አይቶ ዕድሜዬን በትክክል የገመተ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ፊቴን ያየ ያውቃል፤ ግንባሬ ተሸብሽቧል፣ ጥርሴም ግማሹ ተሰናብቷል። እጄ ግን ሌላ ነው። በቀደም ዕለት ከጎፋ ወደ ለቡ መብራት ኃይል ስሄድ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የፊተኛውን ወንበር ብረት የያዘውን እጄን አተኩራ ስታይ ቆየችና፣

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምንድን ነው የሚቀቡት?» አለችኝ።

«አልቀባም ልጄ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አቮካዶ ስልጥ ነው የኖርኩት።»

ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ፋዘር፣ እስቲ እኔንም ይላጡኝ!» አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ጉልበቴ መቆም እምቢ ሲለኝ ሥራዬን አቆምኩ። ጡረታ የሚያወጣኝ መሥሪያ ቤት ስላልነበረኝ ራሴን በራሴ ጡረታ አወጣሁ። የስንብት ደብዳቤዬን የጻፍኩትም እኔው ነኝ። «አቶ ወርቁ ለረጅም ዘመን በታማኝነትና በከፍተኛ ችሎታ ስላገለገሉ» ይላል። አንብቤ ስጨርስ ትንሽ አነሰብኝና ከችሎታው ፊት «ተወዳዳሪ በሌለው» የሚል ጨመርኩበት። ውሸት የለበትም። ከነፋስ ስልክ እስከ ለቡ ከእኔ የተሻለ የአቮካዶ ጁስ የሠራ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ፤ ወንበር አለኝ፣ ጊዜም አለኝ።

ዛሬ ስልኩን የከፈተ ሁሉ አቮካዶ ለቆዳ ይጠቅማል ሲባል ይሰማል። እኔ ስልክ ሳይኖረኝ አውቀው ነበር። የማላውቀው አንድ ነገር ነበር። እሱን ያስተማረኝ መጽሐፍም ስልክም አይደለም፤ ሠናይት የምትባል ጎረቤቴ እጅ ነው። የሥራ ዘመኔን ልጽፍ የተነሣሁት በዋናነት ለዚህ ነው።

ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቀሪውን ለራሴ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት አትክልት ተራ፣ የፍራፍሬ ሳጥን በማውረድ ነበር። ፍሬው እንዳይላላጥ በአሮጌ ጋዜጣ ይጠቀለል ስለነበር ሳጥኑን ባዶ ባደረግኩ ቁጥር ጋዜጣውን አነባለሁ። ግማሹ የተቀደደ ስለሚሆን የወሬውን መጨረሻ ራሴ እገምታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበርኩ ብዬ አምናለሁ።

አቮካዶን ያወቅኩት እዚያ ነው። ሰው አቮካዶ ሲገዛ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ የተጫነበት ቦታ በማግሥቱ ይጠቁራል። እኔ መዳፌ ላይ አስቀምጬ በአምስቱም ጣቶቼ ቀስ አድርጌ አቅፈዋለሁ። ከዚያ አናቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ጉጥ በጥፍሬ ብድግ አደርጋታለሁ። ከሥሯ አረንጓዴ ከታየ ደርሷል፤ ቡናማ ከታየ አልፎበታል። ነጋዴዎቹ ሳይቀሩ «ወርቁ፣ ና እስቲ ይቺን እይልን» ይሉኝ ነበር።

ይህ ችሎታዬ ከአንድ ሆቴል ወጥ ቤት አደረሰኝ። የሆቴሉን ስም አልጠራም። የወጥ ቤቱ አለቃ ረጅም ነጭ ቆብ የሚያደርግ ሰው ነበር። አቮካዶውን ስከፍት፣ ቢጫውን መሀሉን ብቻ እንድወስድ፣ ከልጣጩ ጋር የተጣበቀውን ጥቁር አረንጓዴ ሥጋ ግን እንድጥል አዘዘኝ። «ቀለም ያበላሻል» ይላል። ስምንት ወር ጣልኩ። በዘጠነኛው ወር «ጌታዬ፣ እየጣልን ያለነው ዋናውን ነገር ይመስለኛል» አልኩት። ከምን ተነሥቼ እንዳልኩት አላውቅም፤ ደመ ነፍሴ ነው። «ዶክተር ወርቁ!» ብሎ ወጥ ቤቱን በሙሉ አሳቀብኝ። ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ።

ከዚያ እግዚአብሔር ጎፋ፣ እትዬ ዘነበች ጁስ ቤት አደረሰኝ።

እትዬ ዘነበች አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበሩ። ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን ካነበብኳቸው ጋዜጦች ሁሉ የሚበልጥ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሦስት ልማድ ነበራቸው። ሁልጊዜ ጠዋት ማንም ደንበኛ ሳይገባ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ራሳቸው በር ላይ ቆመው ይጠጡታል። ጠጥተው ወዲያው አይመለሱም፤ ዝም ብለው መንገዱን እያዩ ይቆማሉ።

«ምን ይጠብቃሉ እትዬ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሆዴን ነዋ! እኔን ካልነካኝ ነው ለሰው ልጅ የምሰጠው።»

ሌላው ማንኪያቸው ነው። ጫፏ ተበልቶ እንደ ጥፍር የሳሳች አሮጌ የብረት ማንኪያ ነበረቻቸው። አቮካዶውን ለሁለት ከፍለው፣ ፍሬውን በቢላዋ ተረከዝ መትተው በአንዴ ጠምዝዘው ካወጡ በኋላ፣ በዚያች ማንኪያ ልጣጩ እስኪሳሳ ድረስ ይፍቃሉ። ያ ሆቴሉ የሚጥለው ጥቁር አረንጓዴ አንድም አይቀርም። «ጉልበቱ እዚህ ነው» ይላሉ። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። ደመ ነፍሴ ልክ ነበር!

ሦስተኛው ልማዳቸው ሎሚ ነው። አቮካዶ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል። እትዬ ዘነበች ገና ቢላዋው ሳይወጣ ሎሚ ያንጠባጥቡበታል። «ሎሚ ያልነካው አቮካዶ ከዚህ ቤት አይወጣም» እያሉ ሲቆጡኝ፣ ሲቆጡኝ፣ በመጨረሻ እጄ እኔን ሳያማክር ሎሚ መጭመቅ ጀመረ። በእንቅልፌም ሎሚ እጨምቅ ነበር ትላለች ባለቤቴ።

አንድ ቀን ደንበኛ ጠረጴዛ ላይ የረሳውን የጤና መጽሔት አገኘሁ። ከልጣጩ ሥር ያለው ጥቁር አረንጓዴ ሥጋ ካሮቲኖይድ የሚባሉ የዕፅዋት ውሁዶች በብዛት የሚገኙበት ክፍል እንደሆነ ይናገራል። ቫይታሚን ኢ አለው፣ ቆዳን የሚያለሰልስ ቅባት አለው፣ ሌላም ስሙን ለመጥራት ምላስ የሚያስር ብዙ ነገር አለው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያልገባኝን ቃል በደብተር እየጻፍኩ፣ የፋርማሲ ባለሙያ የነበረ አንድ ደንበኛዬን በእያንዳንዱ ብርጭቆ አንድ አንድ ቃል አስተረጎምኩት። ሰውየው በመጨረሻ ሌላ ጁስ ቤት ቢቀይርም ደብተሬ ሞልቶ ነበር።

«እትዬ፣ ማንኪያዎ ሳይንስ ናት!» ብዬ እየሮጥኩ ነገርኳቸው።

«ዝም ብለህ ፋቅ» አሉኝ።

እትዬ ዘነበች ሲደክማቸው ቤቱ ተዘጋ። ማንኪያዋን ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ለቡ መብራት ኃይል ላይ፣ ፎቅ ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የማያገኛት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የራሴን ጁስ ቤት ከፈትኩ። ሰው አቮካዶዬን ወደደ፤ ከላይ ጠብ የማደርግበት የቪምቶ መጠንም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፣ እሱን ለሌላ ሰው አልናገርም። ደንበኞቼ እጄን እያዩ ሲገረሙ፣ እኔም ስለ ካሮቲኖይድ ማስተማር ጀመርኩ። አንዳንዶቹ ጠጥተው ሳይጨርሱ ይወጡ ነበር፤ ቸኩለው ይሆናል።

ሠናይት የምትኖረው እኔና ባለቤቴ ቤት በተከራየንበት ግቢ ነው። በየቤቱ እየዞረች ልብስ ታጥባለች። ሳሙናውና በረኪናው እጇን ፈጅቶታል፤ የጣቶቿ መጋጠሚያ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። በዚያን ጊዜ የሰፈራችን ዳቦ ቤት ባለቤት አቶ ደረጀ ሊጥ የምታቦካ ሠራተኛ ፈልጎ ሠናይትን አነጋገራት። ጠንካራ ሠራተኛ መሆኗን ያውቃል። እጇን ሲያይ ግን፣ «ይሄ እጅ ሊጥ ውስጥ አይገባም። ወሩ እስኪያልቅ ቦታውን ይዤልሽ እቆያለሁ፤ ድነሽ ነይ» አላት።

ሁለት ልጆች ያሏት፣ ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ያ ሥራ ለእሷ ከሰው በረንዳ ወደ ቋሚ ቦታ መግባት ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዳ የቆዳ ቅባት ተሰጣት፤ በጓንት እንድትሠራም ነገሯት። በአራተኛው ቀን ቅባቷን ይዛ በጁስ ቤቴ በር ስታልፍ ጠራኋት።

«እስቲ አምጪው» አልኳት። ጽሑፉን አነበብኩና መለስኩላት። «ይሄ የፋብሪካ ነገር ነው ሠናይት። እጄን እይው። ይህን እጅ የሠራው የቱ ቅባት ነው?»

«እሱማ አውቃለሁ ጋሼ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል።»

«በሁለት ሳምንት እንደዚህ አደርግልሻለሁ። ይሄንን ተዪው።»

ከጥቁር አረንጓዴው እየፋቅኩ በብርጭቆ ዕቃ ሞላሁላት። እንዳይጠቁርም እጄ እንደ ልማዱ ሁለት ሎሚ ጨመቀበት። አጠቃቀሙንም በኩራት አስረዳኋት። ሕፃን ልጅ ቅቤ ተቀብቶ የጠዋት ፀሐይ እንደሚሞቀው፣ እሷም ተቀብታ ፀሐይ ላይ እጇን ትዘረጋለች፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ያስገባላታል። እንዲህ ነው ያልኳት። እናቶቻችን ያሳደጉን እንዲህ ስለሆነ መሳሳት ይቻላል ብዬ አላሰብኩም።

በማግሥቱ መጣች። «ጋሼ፣ ያቃጥላል።»

«ሲያቃጥል እየሠራ ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከሕይወቴ ቆርጬ ማውጣት ብችል አወጣው ነበር።

በአራተኛው ቀን እጇን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ከጣቶቿ እስከ ክንዷ መሀል ድረስ ቀልቷል፤ አንዳንዱ ቦታ ውሃ ቋጥሯል። ውሃ ያልቋጠረው ቦታ ደግሞ ቀለም እንደፈሰሰበት ጥቁር ሆኗል፤ አቮካዶው ወደ ታች የወረደበት መስመር ሳይቀር ይታያል። አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ መልስ አላጣም ነበር።

«ጋሼ፣ አቶ ደረጀ አየኝ» አለች። «ይሄ የሚተላለፍ በሽታ ነው፣ አሁን ወሩም ቢያልቅ እንዳትመጪ አለኝ።»

ጁስ ቤቱን ዘግቼ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ልጄ ልትሆን ትችላለች። የሠናይትን እጅ አገላብጣ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ምንድን ነው የተቀባችው?»

«አቮካዶ ነው ዶክተር። ንጹሕ አቮካዶ። ካሮቲኖይድ እንዳለው መቼም ታውቂያለሽ።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

«ሎሚም አለው» አለች ሠናይት ቀስ ብላ።

«እሱማ እንዳይጠቁር ነው!» አልኩ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ አቮካዶው እንዳይጠቁር ብለው እጇን አጠቆሩት።»

ከዚያ አስረዳችን። ሎሚም ተክል ነው፤ እሱም የራሱ ውሁድ አለው። ያ ውሁድ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ካቃጠለም በኋላ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ሰው ለሰው አይተላለፍም። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ የምረታ ሰው አይደለሁም። እጄን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁ።

«ይሄ እጅ ሠላሳ ዓመት ሎሚ ነክቷል። ለምን አልተቃጠለም?»

«የት ነው የሚሠሩት?»

«ጁስ ቤቴ።»

«ፀሐይ ይገባል?»

እጄን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰብኩ።

«በየስንት ጊዜው ይታጠባሉ?»

«በእያንዳንዱ ብርጭቆ ነው የምታጠበው» አልኳት። ሐኪሟም ለሠናይት የሚሆነውን አዘዘችላት። አቮካዶው ራሱስ ውሸት ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት ግን በጎ ነገር ተናገረች። ቅባቱ የደረቀ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ስለ ሌሎቹ ውሁዶች ተስፋ ሰጪ ነገር አለ፣ ገና እየተጠና ነው፤ መብላቱና መቀባቱም አንድ እንዳይመስልዎ፤ ከሁሉም በላይ መድኃኒት አስጥሎ የሚተካ አይደለም፣ አለችኝ። «ያወቁት ነገር እውነት ነው አባባ። ያላወቁትን አለመጠየቅዎ ነው ጥፋቱ» አለችኝ።

ከዚያ ስወጣም ልቤ አላመነም። እውነቱን ልናገር፣ ማመን አልፈለገም። ያኔ እትዬ ዘነበች ትዝ አሉኝ፤ በር ላይ ብርጭቆ ይዘው የቆሙት። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሳልቀምስ ነበር ለሰው የሰጠሁት። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ወንበሬን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ፣ የግራ እጅጌዬን ሰበሰብኩና ሎሚ ጨመቅኩበት። አንባቢ ይህን እንዳትሞክር፤ አንድ ሰው ሞክሮታል፣ ይበቃል። ያን ቀን ምንም አልሆንኩም። ማታ ለባለቤቴ «አየሽ፣ ልጅቷ አታውቅም» እያልኩ ፎከርኩ። በማግሥቱ ቀላ። በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ። ከሳምንት በኋላ የሎሚው ጠብታ በወረደበት መንገድ ልክ ክንዴ ላይ ጥቁር መስመር ተሰመረ።

ደስ አለኝ ብል ትገረማላችሁ። ማስረጃ አገኘሁ!

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሠናይትን አስከትዬ ዳቦ ቤት ሄድኩ። ሰው ተሰልፏል። አቶ ደረጀ ከሩቅ ሲያየን እጁን አወዛወዘ።

«ጋሽ ወርቁ፣ እባክዎ፣ ሰው አያስበርግጉብኝ። በሽታ ነው ብያለሁ።»

«በሽታው እኔ ነኝ» አልኩት። ሰልፉ ዞሮ አየኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ባንኮኒው ላይ አኖርኩ። «ይሄ የእኔ ነው። ያንቺንም አኑሪው ሠናይት። አየህ? አንድ ዓይነት ነው። ሎሚ ቀላቅዬ ቀቢው፣ ፀሐይም ሙቂ ያልኳት እኔ ነኝ። ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን ያስጣልኳትም እኔ ነኝ። የእኔን ያደረግኩት ከሳምንት በፊት፣ በገዛ እጄ ነው። አይተላለፍም፤ ካላመንክ ጤና ጣቢያ ሄደህ ጠይቅ።»

ከሰልፉ አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው የሁለታችንን ክንድ አስተያዩ። «ውይ፣ እውነቱን ነው!» አሉ። «እኔም በልጅነቴ ሎሚ ስለቅም እንዲሁ ሆኜ ነበር።» ለሠላሳ ዓመት የሰበሰብኩት ዕውቀት ውስጥ የአሮጊቷ ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

አቶ ደረጀ ሁለቱን ክንዶች ደጋግሞ አየ። «እርስዎ ተሳሳትኩ ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ።

«የእኔም» አልኩት።

ሰልፉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ቁስሉ እስኪደርቅ ዳቦ ቆጥራ እንድታስረክብ፣ ሲደርቅና ሐኪሟ ስትፈቅድላት ሊጥ ቤት እንድትገባ ተስማማ። ሠናይት ስንወጣ ነው ያለቀሰችው። «ደህና አድርገው አዋረዱን ጋሼ» እያለች ትስቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራውን በሥርዓት ያዝነው። ሠናይት ሐኪሟ ያዘዘችላትን መድኃኒት አላቋረጠችም። ስንጥቃቱ ሲዘጋ ሐኪሟን ጠይቀን የአቮካዶ ዘይት ጨመርንላት። ዘይቱን ማውጣት ለራሴ ያስተማርኩት የመጨረሻው ጥበብ ነው። በጣም የበሰለውን አቮካዶ ደቁሼ ትሪ ላይ በስሱ እዘረጋለሁ፤ ጥላ ውስጥ አየር እያገኘ ይደርቃል፤ ከዚያ በንጹሕ ሻሽ ጠቅልዬ እጨምቀዋለሁ። መጀመሪያ ምንም አይመጣም። ትዕግሥት ያለው ሰው እጅ ውስጥ ግን ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ አረንጓዴ፣ ወፍራም ዘይት። ሎሚ አያስፈልገውም። ጠብታውን መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ እሷ በክርናችን ውስጠኛ ክፍል ላይ ሞከርነው፤ ሁለት ቀንም ጠበቅን። ከዚያ ሥራ ጨርሳ ስትታጠብ፣ እጇ ገና እርጥብ ሳለ መቀባት ጀመረች። መድኃኒቱ ምን ያህል ሠራ፣ ጓንቱ ምን ያህል፣ ዘይቱ ምን ያህል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የድሮው ወርቁ ብሆን ሁሉም የዘይቱ ነው እላችሁ ነበር። አሁን አላውቅም እላለሁ። እጇ ግን ለሰለሰ። ጥቁሩ ምልክት ወራት ፈጅቶ ደበዘዘ፣ ከዚያም ጠፋ።

ሠናይት ዳቦ ቤት ሦስት ዓመት ሠራች። የእኔ ጉልበት ሲከዳኝ ጁስ ቤቱን የተረከበችኝ እሷ ናት። አቶ ደረጀ ባየኝ ቁጥር «እጇን አበላሽተው ሰጡኝ፤ ሲድን ወሰዱብኝ» ይላል። የእትዬ ዘነበችን ማንኪያ ሰጠኋት። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሞላችና በር ላይ ቆማ ጠጣች። ምን ትጠብቂያለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ሎሚ የምትጨምቀው በጓንት ነው። እኔም ሁልጊዜ ጠዋት ወንበሬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ሥራ ስለማጣ ሎሚ መቁረጥ ያምረኛል። ወደ ፀሐዩ ልወጣ ስል ከውስጥ ትጮኻለች።

«ጋሼ! እጅዎን!»

«አልነካሁም።»

«ያምጡት እስቲ።» ትይዝና ታሸታለች። «ይታጠቡ።»

ደንበኛ ፊት! ታጥቤ እመለሳለሁ። ሁለታችንም እጃችንን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የትኛው እንደሚያምር ደንበኛ ይፈርዳል። እስካሁን እኔ እየመራሁ ነው፤ እሷ አትቀበለውም።

የስንብት ደብዳቤዬን በፍሬም አድርጋ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። «ተወዳዳሪ በሌለው» የሚለውን አልሰረዝኩትም፤ ለምን እሰርዛለሁ? ከፊርማዬ በታች ግን በራሴ እጅ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፦ «ሎሚን በተመለከተ ሠናይትን ይጠይቁ።»